መራራ ቅጠልና ጣፋጭ በሽታ

በሐይቅ፣ በአምባሰልና በአካባቢው ለስኳር በሽታ የሚወሰዱ ዕፅዋት ብዙ ናቸው። አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጦስኝ፣ ግራዋና ድግጣ ከነባሮቹ መካከል ናቸው፤ ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣው ሽፈራውም ዛሬ በዱቄት እየታሸገ በየሱቁ ይሸጣል። ዕፅዋቱ ጥንታዊ ናቸው። «ለስኳር» መባላቸው ግን በሽታው በዚህ ስም ከታወቀ ወዲህ የመጣ ነው። የዕፅዋቱ ታሪክ ረጅም፣ የበሽታው ስም ታሪክ አጭር ነው፤ ሁለቱ የተገናኙበትን መንገድ ለመረዳት ከሩቁ መነሣት ያስፈልጋል።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ከተማ ነው። ስሙን ያገኘው ከጎኑ ከተኛው ሐይቅ ሲሆን፣ በሐይቁ ላይ የቆመው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ የትምህርት ማእከሎች አንዱ ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ከመማራቸውም በላይ፣ ገዳሙ በመጻሕፍት ሀብቱ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። እንዲህ ባሉ ገዳማትና አድባራት የተማሩ ደብተራዎች ከዜማና ከቅኔ ጋር የመድኃኒት እውቀትንም ይዘው ወጡ። እውቀቱን «ዕፀ ደብዳቤ» እና «መጽሐፈ መድኃኒት» በሚባሉ ጽሑፎች ያስተላልፉት ነበር። በነዚህ ጽሑፎች ሕመሙ ይጠራል፣ ተክሉ ይጠቀሳል፣ አወቃቀጡና አወሳሰዱ ይነገራል፤ ጸሎትና አስማት ከቅጠልና ከሥር ጋር ጎን ለጎን ይገኛሉ። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ጥራዝ ያሳተመው ጥናት የዚህን የጽሑፍ ሀብት ስፋት ለውጭው ዓለም አሳይቷል።

የጽሑፉ መንገድ ግን ትንሹ ነው። ትልቁ እውቀት ከአባት ወደ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ልጅ ብቻ፣ በቃልና በምስጢር ይተላለፍ ነበር። ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብተውና ተዛምደው የሚኖሩበት አገር ስለሆነ የእውቀቱ ምንጭም አንድ አልነበረም። ደብተራው ከግእዙ ይቀዳል፤ ሼኹ በበኩሉ በነቢዩ ሐዲስ ከሞት በቀር ለሁሉ ፈውስ ተብሎ የተመሰገነውን ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር ያዝዛል። በሽተኛው ሃይማኖቱን ሳይለይ ከሁለቱም በር ይደርሳል።

ይህ እውቀት የት ላይ ጠንካራ፣ የት ላይ ደካማ እንደነበረ ኮሶ በደንብ ያሳያል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጨረሻና በ1770ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያን ዞሮ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኮሶን ገለጸ። ኋላም የኮሶ አበባ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች እስከ መግባት ደረሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉ መውጣቱን በዚያው ቀን በዓይኑ ያያል። ቁስል መድረቁም፣ ችፌ መጥፋቱም፣ ቅማል መርገፉም እንዲሁ ይታያል። መድኃኒት አዋቂው ለብዙ ትውልድ እየሞከረና እያየ የማይረባውን ሊጥል፣ የሚረባውን ሊያቆይ የቻለው ውጤቱ ለዓይን ስለሚገለጥ ነው። የደም ስኳር ግን በዓይን አይታይም። ከፍ ብሎ ለዓመታት ሳያሳምም ይቆያል፤ ዝቅ ማለቱም ያለ መለኪያ አይታወቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጎደለው ተክል ሳይሆን መለኪያ ነበር።

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተለየ አልነበረም። የግብፅ ፓፒረሶች ከክርስቶስ ልደት 1,500 ዓመታት ገደማ በፊት ሽንት የሚያበዛ ሕመምን ጠቅሰዋል። የሕንድ ጥንታዊ ሐኪሞች ሽንቱ እንደ ማር የሚጣፍጥና ጉንዳን የሚስብ መሆኑን አስተውለው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለው ጠሩት። በ2ኛው መቶ ዘመን የቀጰዶቅያው አሬጤዎስ ሥጋ ወደ ሽንት እየቀለጠ የሚፈስ ያህል አድርጎ ገለጸው። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1674 የሽንቱን ጣፋጭነት ዳግም መዘገበ። ሁሉም ያወቁት የታመመውን ሰው ምልክት እንጂ የበሽታውን ሥር አልነበረም፤ ያዘዟቸው ዕፅዋትም መርዳት አለመርዳታቸውን የሚያረጋግጡበት መንገድ አልነበራቸውም።

በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ጀርመናዊው ሳሙኤል ሃነማን ሆሚዮፓቲ የተባለውን አሠራር ጀመረ (እ.ኤ.አ. 1796)። ዛሬ ብዙ ሰው ሆሚዮፓቲንና የቅጠል መድኃኒትን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ልዩነቱን መናገር ይገባል። የባህል ሐኪም ተክሉን ቀቅሎ ወይም ወቅጦ ጭማቂውን ይሰጣል። ሆሚዮፓቲ ግን የመድኃኒቱን አንድ እጅ ከ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ጋር ያቀላቅልና ከዚያ ላይ ደግሞ አንድ እጅ ወስዶ ያቀጥናል፤ ይህንም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ጊዜ ይደጋግመዋል። በመጨረሻ ከተክሉ አንዲት ቅንጣት እንኳ አትቀርም። ለስኳር በሽታ ሆሚዮፓቶች ከሚሰጧቸው አንዱ የሕንዱ ጃሙን ፍሬ ነው፤ ይህ ዛፍ በአማራ አገር የምናውቀው የዶቅማ ዘመድ ነው። ብራዚል ውስጥ ተክሉ ራሱ፣ ያልቀጠነው ሻዩ፣ በሰዎች ላይ ተመርምሮ የደም ስኳርን ዝቅ ሳያደርግ ቀርቷል። የአውስትራሊያ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሚዮፓቲ ለአንድም በሽታ አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለው ደመደመ። በኢትዮጵያ ይህ አሠራር ሥር አልሰደደም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት በሳይንስ ስም መጠራት ጀመሩ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ ገብቶ በዚያው አርጅቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ላከ። ጦስኝ ዛሬ በሳይንስ «ታይመስ ሺምፐሪ» የሚባለው በእርሱ ስም ነው። ከአምባሰል ደጋ የምትለቀመው፣ ሻይ ውስጥ የምትገባው ይህች ትንሽ መዓዛማ ቅጠል የሰብሳቢዋን ስም ይዛ ትኖራለች፤ ጥቅሟን ቀድመው ያወቁት የአገሬው ሰዎች ግን በስሟ ውስጥ የሉም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ውስጥ በምትገኘው ውጫሌ አፄ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። እ.ኤ.አ. 1889 ነበር። በዚያው ዓመት ስትራስቡርግ ውስጥ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የአንድ ውሻ ቆሽት ቆርጠው አወጡ፤ ውሻው ወዲያው ስኳር ታመመ። ለብዙ ሺህ ዓመታት በሽንት ሲፈለግ የነበረው የበሽታው ሥር ከሆድ ኋላ በተደበቀ አንድ ብልት ውስጥ ተገኘ። ለአምባሰል ሰው ግን ዓመቱ የክፉ ቀን ዘመን ነበር። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ ረኃቡ አገሩን ሲጠርግ ስለ ስኳር የሚያስብ ማንም አልነበረም።

ከ32 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ኢንሱሊንን አወጡ፤ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። ከዚያ በፊት ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቅጠል ሊድን አልቻለም። ይህን ማስታወስ ለኋላው ታሪክ ቁልፍ ነው።

በዚያው 1922 ዱብሊን ውስጥ ሜትፎርሚን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራ። የሜትፎርሚን መነሻ ተክል ነው። ጋሌጋ የተባለ የአውሮፓ ተክል ጋሌጂን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም የደም ስኳርን ዝቅ ያደርጋል። ተክሉ ራሱ ግን በጎችን በመመረዝ የታወቀ ነው፤ ንጥሩም ለሰው የሚስማማ አልሆነም። ከእርሱ የተወለደው የኬሚካል ዘመድ ሜትፎርሚን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለሕሙማን መስጠቱን እስኪያሳትም ድረስ ለስኳር በሽታ ሳይውል ቆየ። ስተርን መድኃኒቱን «ስኳር በል» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ዛሬ በደሴም በሐይቅም ለብዙ ሕሙማን በመጀመሪያ የሚታዘዘው ይህ ኪኒን ነው። «ዘመናዊው መድኃኒት ኬሚካል፣ ቅጠሉ ግን ተፈጥሮ» የሚለው ክፍፍል ስሕተት የሆነው ለዚህ ነው። ኪኒኑም ከቅጠል የመነጨ ነው፤ ልዩነቱ መርዙ ከጥቅሙ ተለይቶ መጠኑ መታወቁ ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው አዋጅ ቁጥር 27 ጤናን እስካልጎዳ ድረስ የባህል ሕክምና ሕጋዊ መሆኑን ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ኑሮም ተለወጠ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር፣ ለሀብታም ብቻ የነበረው ነጭ ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ሻይና ቡና ገባ። በሽታውም ሆስፒታል ውስጥ እየታወቀ ሄደ። አዲስ አበባ ትሠራ የነበረችው ሐኪም ፍራንሲስ ሌስተር ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1984 የስኳር በሽታን ገጽታ በኢትዮጵያውያን ላይ አሳተመች። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር ተመሠረተ። በሽንትና በደም የሚለካ፣ ስም ያለው በሽታ አገር ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስሙ በራሱ ያመጣው ነገር አለ። በሽታው «ስኳር» ሲባል ሕዝቡ የራሱን አመክንዮ ይዞ ተነሣ፤ ጣፋጭን የሚያሸንፈው መራራ ነው። ስለዚህ ግራዋ፣ ሬት፣ ግብጦ፣ ኋላም ኒም ለስኳር ይታዘዙ ጀመር። አመክንዮው ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ምላስ የሚለየው መራራነትና ደም ውስጥ የሚሆነው ነገር ዝምድና የላቸውም። አብሽም መራራ ነው፤ የሚረዳበት ምክንያት ግን ሌላ ሆኖ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ጉባኤ የባህል ሐኪሞችን ከመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ጋር ማያያዝን ደገፈ። ኢትዮጵያም በ1972 ዓ.ም. በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል መድኃኒት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት አቋቋመች። ከዚያ ወዲህ የቃሉን እውቀት ወደ ጽሑፍ የማምጣት ሥራ ተፋጠነ። የገላሁን አባተ «ዕፀ ደብዳቤ» እ.ኤ.አ. በ1989 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ ወጣ። በ1993 ደግሞ ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁ የሰሜን ኢትዮጵያን የመድኃኒት ዕፅዋት የሚመዘግብ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ።

በዚሁ ወቅት መለኪያው ወደ ዕፅዋቱ ዞረ። አብሽን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የሕንድ ጥናት ትምህርት ሰጪ ነው። ሐይደራባድ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወጉ ሕሙማን በቀን 100 ግራም ስቡ የወጣለት የአብሽ ዱቄት ከቂጣ ጋር ተጋግሮ በምሳና በእራት ለ10 ቀናት ተሰጣቸው፤ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው ቀነሰ፣ በሽንት የሚወጣውም ከግማሽ በላይ ወረደ። አብሽ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ልጋግ መሰል ነገር አንጀት ውስጥ ስኳሩ በዝግታ እንዲሰርግ ያደርጋል፤ ዋናው ምስጢር እርሱ ነው። ከወሎ ልማድ ጋር ሲተያይ ግን ሁለት ነገር ይታያል። አንድ የሾርባ ማንኪያ አብሽ ከ10 ግራም ብዙም አይርቅም፤ ጥናቱ የሰጠው አሥር እጥፍ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አብሽ በአብዛኛው ተመትቶ የሚጠጣው በማር ወይም በስኳር መሆኑ ነው። ያን ብርጭቆ የሚጠጣ ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱንና በሽታውን አብሮ ይጠጣል።

እ.ኤ.አ. በ1997 እያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው የሽፈራው ቅጠል ውሃ የጥንቸሎችን የደም ስኳር ዝቅ ማድረጉን አሳተሙ፤ ኃይሉ ግን ከታወቀው ኪኒን ከግሊቤንክላማይድ ያነሰ ነበር። ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ቅጠሉ ስታርችን የሚፈጩ የአንጀት ኢንዛይሞችን እንደሚያቀዘቅዝ አሳዩ። ከኮንሶና ከጋሞ ጓሮ የወጣው ይህ ዛፍ ወደ ሰሜን የተሰራጨበት ፍጥነት ያስገርማል፤ ከዛፉ ጋር ግን በጥንቸል የተሞከረ መሆኑ አልተነገረም።

ወደ አካባቢው ስንመለስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ደሴ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የድግጣ ቅጠልን መርምረዋል። ድግጣ በየአጥሩና በየዳገቱ የሚበቅል፣ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። የከብት ቅማል ይገድላል፤ ወንዝ ውስጥ ከተበጠበጠ ዓሣ ያፈዛል። ጭማቂው ስኳር የታመሙ አይጦችን የደም ስኳር ቀነሰ። በዓመቱ የአስተናግር ሥር በተመሳሳይ መንገድ ተመርምሮ ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። አስተናግር ሰውን ከአእምሮው የሚያወጣ መርዝ መሆኑን የወሎ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እነዚህ ጥናቶች ዋጋቸው ትልቅ ነው፤ ዕፅዋቱ ውስጥ ሊፈለግ የሚገባው ነገር እንዳለ ያመለክታሉ። ግን አይጥ በመርፌ ቆሽቷ ተጎድቶ ለሁለት ሳምንት የምትታይ እንስሳ ናት፤ ሰው ቅጠሉን ለዓመታት በእፍኝና በቁንጥጫ እየሰፈረ፣ ከሜትፎርሚንና ከመርፌ ጋር እየቀላቀለ፣ ኩላሊቱ እየደከመ ይወስዳል። ከአይጧ ወደዚህ ሰው የሚያደርሰው የሰው ጥናት ገና አልተሠራም ማለት ይቻላል።

ሁሉም የስኳር በሽታ አንድ አለመሆኑ ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን መታው። ረኃብ ደግሞ ከበሽታው ጋር ዝምድና ሊኖረው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ መኖሩን ተቀበለ፤ በ1999 ግን ከዝርዝሩ አወጣው። በ2009 በጎንደርና በጅማ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ፣ ጥያቄው እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። በየገጠሩ የሚያገኟቸው ሕሙማን ወፍራምና ሀብታም አልነበሩም፤ ቀጫጭን፣ ድሆች፣ ወጣቶች፣ ኢንሱሊን ካልተወጉ የማይኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። እንዲህ ላለው ሰው የስኳር ስርገትን የሚያዘገይ ቅጠል ምንም አያደርግለትም፤ ሰውነቱ የጎደለው ኢንሱሊኑ ራሱ ነውና።

ይህ በወሎ በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሮ ተፈተነ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሐይቅንና ደሴን አዳረሰ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ቆየ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ በደቡብ ወሎ ብዙ ጤና ጣቢያዎችም ወደሙ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚፈልግ፣ ከተከፈተ ከአንድ ወር ገደማ የማይዘልቅ መድኃኒት ስለሆነ አስቀድሞ አከማችቶ መጠበቅም ከባድ ነው። ኢንሱሊን ያጣ ሰው ወደ ቅጠል ቢዞር የሚፈረድበት አይደለም፤ ሌላ ምን ነበረው? ነገር ግን ቆሽቱ ጨርሶ የማያመነጭ ሕመምተኛ መርፌው ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ እየሆነ ራሱን ይስታል። ያን የሚያቆም ቅጠል የለም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከ16 ዓመታት በፊት ያነሡት ጥያቄ ስም አገኘ። በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ክትትል ያለው ሰው የሚወስደውን ቅጠል ከሐኪሙ አይደብቅ፤ ይልቁንም ቅጠሉን ይዞ ይሂድ፣ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ጣቱን ተወግቶ ስኳሩን ያስለካ። መርፌ የሚወጋ ከሆነ ግን ማንም ምን ቢለው ለአንድ ቀንም አያቋርጥ።